ኮንትሮሉ ፓስ እያደረገ የፒቲ ውጤታችን ለምን ይረዝማል?

የደጋዋ ላብ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደጋ ከተማ ላይ ያለ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የደም መርጋት ምርመራውን ከተረከብኩ አምስት ወሬ ነው። ማሽናችን ባለ አራት ቻናል ከፊል አውቶማቲክ ነው። ፕላዝማውንም ሪኤጀንቱንም (እንዲረጋ የሚያደርገውን ኬሚካል) በእጃችን በፒፔት እንጨምራለን፤ ማሽኑ እስኪረጋ ያለውን ሰከንድ ይቆጥራል። ፒቲ የምንለው እሱን ነው። ኮንትሮል ደግሞ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ማሽኑን የምንፈትሽበት ናሙና ነው፤ ኖርማሉ እንደ ጤነኛ ሰው፣ አብኖርማሉ ረዘም ብሎ የሚረጋ።

ያለፉት ዘጠኝ ቀናት የፒቲ ኮንትሮል ውጤቶች እነዚህ ናቸው።

አብኖርማሉ (የኛ አማካይ 28.0 ሰከንድ፣ ኤስዲ፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን፣ 1.4)፦ 28.4፣ 28.9፣ 29.2፣ 29.6፣ 29.5፣ 29.9፣ 30.1፣ 30.6፣ 31.0

ኖርማሉ (አማካይ 12.1፣ ኤስዲ 0.5)፦ 12.2፣ 12.3፣ 12.4፣ 12.5፣ 12.5፣ 12.7፣ 12.7፣ 12.8፣ 12.9

አምራቹ በወረቀቱ ላይ ለአብኖርማሉ የሰጠው ክልል ከ24 እስከ 31.5 ነው። ስለዚህ ባልደረቦቼ "ፓስ ነው" ብለው ውጤት ይለቃሉ። እኔ ግን ቻርቱን ሳየው ደረጃ እየወጣ ያለ ሰው ይመስለኛል። ባለፈው ሐሙስ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ላብ ድረስ መጥቶ "የዋርፋሪን ታካሚዎቼ በሙሉ በአንድ ሳምንት ደማቸው ቀጠነ እንዴ?" አለኝ። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ክኒን ነው። የምመልሰው አጣሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ትናንት ጠዋት ከማሽኑ ሥር ያለውን መሳቢያ ስከፍት ተጠቅልሎ የተቀመጠ የፕሪንተር ወረቀት አገኘሁ። የቅዳሜ ሌሊት ነው። አብኖርማል ኮንትሮል ሦስት ጊዜ ተሠርቷል፦ 32.3፣ 31.8፣ 31.0። መዝገቡ ላይ የተጻፈው 31.0 ብቻ ነው።

ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ግን ከየት ልጀምር?

---

የቀድሞ ላብ ኃላፊ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ዓይንሽ አልተሳሳተም። ቻርቱን ደረጃ የሚወጣ ሰው ማለትሽ ትክክል ነው። በሙያው "ድሪፍት" የምንለው እሱን ነው።

መጀመሪያ የአምራቹን ክልል እርሺው። ያ ክልል ለብዙ ላብራቶሪ፣ ለብዙ ማሽን እንዲበቃ ተብሎ የተሰፋ ነው። የሰፊ ሰው ኮት አንቺ ትከሻ ላይ ልክ አይሆንም። የምትሠሪው በራስሽ አማካይና በራስሽ ኤስዲ ነው። ቢያንስ 20 ውጤት፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰው እጅ። አንቺ ይህን ሠርተሽ አስቀምጠሻል። ባልደረቦችሽ ለምን እንደማይጠቀሙበት ግን አልገባኝም።

አሁን በራስሽ ቁጥር እንየው። የአብኖርማሉ አንድ ኤስዲ ከፍታ 29.4 ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ 29.6፣ 29.5፣ 29.9፣ 30.1። አራት ተከታታይ ውጤት ከአንድ ኤስዲ በላይ፣ በአንድ ወገን። በዌስትጋርድ ሕግ (ኮንትሮል ሲንሸራተት መቼ እንደሚቆም በሚወስነው) ሰባተኛው ቀን ላይ መቆም ነበረባችሁ። ኖርማሉንም እይው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ሁሉ ከ12.6 በላይ ናቸው። ሁለቱም ኮንትሮሎች አብረው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። አንዱ ብልቃጥ ተበላሽቶ ቢሆን አንዱ ብቻ ነበር የሚንሸራተተው። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ሁለቱም የሚጋሩት ነገር ተነክቷል ማለት ነው፦ ሙቀቱ፣ ሪኤጀንቱ፣ ፒፔቱ፣ ወይም ሪኤጀንቱንና ኮንትሮሉን የምትበጠብጪበት ውሃ።

ስለ መሳቢያው ወረቀት። 28.0 ላይ ሦስት ኤስዲ ስትጨምሪ 32.2 ይመጣል። የተደበቀው 32.3 ነበር። እሱ አንዱ ብቻውን ሥራ የሚያስቆም ውጤት ነው። ኮንትሮል እስኪያልፍ መደጋገም ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ አስረጂያቸው። ጤናማ ማሽን ላይ እንኳ ከሃያ አንዱ ውጤት ከሁለት ኤስዲ ውጭ ይወድቃል፤ ያ የተፈጥሮ ነው። የታመመ ማሽን ላይ ደግሞ ደጋግመሽ ከሠራሽ ከሦስቱ አንዱ ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ያቺን አንዷን ብቻ መዝግቦ መያዝ፣ ቴርሞሜትሩን እያራገፉ ትኩሳት የለም እንደማለት ነው። ሦስቱም ይመዝገቡ። ሳይመዘገብ የሚቀር ውድቀት አይኑር፤ ነገ ምክንያቱን ስትፈልጊ የምታገኚው እዚያ ውስጥ ነው።

---

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔም ሌላ ሆስፒታል የሌሊት ዱቲ እሠራለሁ። ጋሼ የተናገሩት በመጽሐፍ ትክክል ነው። ግን ሌሊቱን ልንገራችሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት የማዋለጃ ክፍል እየደወለ ነው። የምትደማ እናት አለች። እኔ ብቻዬን ነኝ። ኮንትሮሉ ከክልሉ ወጣ። ሪኤጀንቱ የቀረኝ ግማሽ ብልቃጥ ነው፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ዳግም ብሠራው ገባ። ምን ላድርግ? ምርመራ የለም ልበል? አንድ ኮንትሮል ብልቃጥ ለአንድ ሌሊት ከፍቼ ሁለት ታካሚ ሠርቼበት ጠዋት እጥለዋለሁ። የዚህን ዋጋ የምናውቀው እኛ ነን።

መሳቢያ ውስጥ የተውትን ልጆች ክፉ አድርጋችሁ አትዩአቸው።

---

የቀድሞ ላብ ኃላፊ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጄ፣ ያ ሌሊት እኔም ላይ ደርሷል። ክፉ ሰው አላልኩም፤ አልልምም።

ግን የምትደማዋን እናት አስባት። ፒቲዋ በውሸት ረዝሞ ቢወጣ ለሷ የማያስፈልግ ፕላዝማ ይሰጣታል። ያ ፕላዝማ ለሌላ ሰው ነበር። በውሸት አጥሮ ቢወጣ ደግሞ ይዘገያል። ሌሊቱ የከበደው ኮንትሮሉን የበለጠ እንድንሰማው ነው እንጂ እንዳንሰማው አይደለም።

ኮንትሮሉ ሲወጣብህ አንድ ጊዜ አዲስ ብልቃጥ ከፍተህ ሥራው። ከገባ፣ ሁለቱንም ጻፍና ቀጥል። ካልገባ፣ ለሐኪሙ ደውልና "ምርመራው ለጊዜው አይታመንም፤ በምልክቱ ተመራ" በለው። አልጋው አጠገብ በንጹህ የመስታወት ቱቦ ደም ይዞ የሚረጋበትን ደቂቃ ማየት ይችላል። ያልታመነ ቁጥር ከመላክ ያ ይሻላል።

ወጪው ላይ ግን እውነትህን ነው። አስቸኳይ ያልሆኑትን የዋርፋሪን ታካሚዎች ለአንድ ጠዋት ሰብስቡ። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ መጨረሻም ኮንትሮል። ኪት የሚቆጥበው እሱ ነው።

---

ሜሪላንድ ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡30

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ላብ ነው የምሠራው። እኛ ዘንድ በአውቶማቲክ ማሽን ላይ በየ8 ሰዓቱ ሁለት ደረጃ ኮንትሮል ግዴታ ነው። ሌሊትም ቢሆን።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰሞኑን የቲሮምቦፕላስቲን (የፒቲው ሪኤጀንት) ሎት፣ ማለትም የምርት ምድብ፣ ቀይራችኋል? ከቀየራችሁ ማሽኑ ውስጥ ያለውን አይኤስአይ (ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን የሪኤጀንቱን ማስተካከያ ቁጥር) ማን ነው ያስተካከለው?

ለምን እንደምጠይቅ ላሳይ። የታካሚው ፒቲ 30 ሰከንድ፣ የጤነኞች አማካይ 12 ይሁን። 30 ለ12 ሲካፈል 2.5 ነው። ሐኪሙ ዋርፋሪን የሚያስተካክልበት ቁጥር፣ አይኤንአር፣ ይህ ውድር በአይኤስአዩ ፓወር ሲነሣ የሚገኘው ነው። የሪኤጀንቱ አይኤስአይ 1.0 ከሆነ አይኤንአሩ 2.5 ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ሰከንድ፣ ግን ማሽኑ ውስጥ 1.3 ተጽፎ ቢሆን 3.3 ይወጣል። ሐኪሙ ክኒን ይቀንሳል። ደሙ ግን አልተለወጠም።

እና አስፈሪው ነገር ኮንትሮሉ ይሄን አያሳይም። ኮንትሮል የምታነቢው በሰከንድ ነው፤ ስህተቱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላይ በትክክል ይህ ደረሰ። የተሳሳተ አይኤስአይ ገብቶ ለሳምንታት የተሳሳተ አይኤንአር ወጣ። በዚያ ቁጥር ዋርፋሪን ተጨመረላቸው። የሞቱ ሰዎች ነበሩ። እኔ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያው ሳምንት ሥልጠና ላይ የነገሩን ይሄንን ነው። ከዚያ ወዲህ ሎት ስንቀይር ሁለት ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ከካርቶኑ ላይ፣ አንዱ ከስክሪኑ ላይ።

የጤነኞች አማካዩም እንደዚያው ነው። ከወረቀት አይገለበጥም። ቢያንስ 20 ጤነኛ ሰው ደም ወስዳችሁ፣ በራሳችሁ ማሽን፣ በአዲሱ ሎት። ጂኦሜትሪክ አማካይ ነው የሚወሰደው።

---

የደጋዋ ላብ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ካርቶኑንና ስክሪኑን አስተያየሁ። አይኤስአይ ሁለቱም ጋ 1.05 ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። የጤነኞች አማካዩ ግን 12.0 ተብሎ ገብቷል። ማን እንዳስገባው የሚያውቅ የለም፤ ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያም "እኔም ተቀብዬው ነው" አለኝ። ከሠራተኛው መካከል ፈቃደኛ ሰዎች መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ሰባት አግኝቻለሁ።

የሪኤጀንቱ ሎት አልተቀየረም። ብልቃጡን ትናንት አዲስ ከፍቼ ሠራሁ። አብኖርማሉ 31.2 ሆነ። ስለዚህ ሪኤጀንቱ አይመስለኝም።

---

ባዮሜድ ባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሙቀቱን ለካሽው? ስክሪኑን ማለቴ አይደለም። ስክሪኑ 37.0 ነው የሚልሽ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚለው። ባዶ ኩቬት (ናሙናው የሚገባበት የማሽኑ ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ውሃ ጨምሪና የተረጋገጠ የቀጭን ጫፍ ቴርሞሜትር አስገቢበት። አሥር ደቂቃ ጠብቂ። አራቱንም ቻናል ለየብቻ። ደም የሚረጋው በኢንዛይም ነው። ከ37 ዲግሪ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢወርድ ሰከንዱ ይረዝማል፤ ማሽኑም ምንም ምልክት አይሰጥሽም።

ማሽኑ የት ነው የተቀመጠው? በሩ ወይም መስኮቱ አጠገብ ነው?

ፒፔቱንም መዝኚው። የፋርማሲ ክፍሉ ጥቃቅን ክብደት የሚለይ ሚዛን ካለው ተዋሺ። 100 ማይክሮሊትር የተጣራ ውሃ 100 ሚሊግራም ገደማ መመዘን አለበት። አሥር ጊዜ ጨምሪና አማካዩን ውሰጂ። የፒፔት ውስጥ ቀለበት ሲያረጅ ቀስ በቀስ ነው የሚያጎድለው፤ ማንም ሳያስተውለው።

---

የእማዬ ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ይቅርታ፣ እኔ የላብ ሰው አይደለሁም። ስፈልግ ስፈልግ ነው እዚህ የደረስኩት። የምታወሩት ግማሹ ባይገባኝም እንባዬ መጣ።

እናቴ በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ልቧን ጎድቶባት የልብ ቫልቭ ተቀይሮላታል። ብረቱ ነው። ዋርፋሪን እስከ ዕድሜ ልክ ትወስዳለች። ሐኪሟ የአይኤንአር ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 መሀል ይሁን ብሎናል። ባለፈው ሳምንት አንድ ላብ 4.3 አለን። ደንግጬ በዚያው ቀን ሌላ ላብ ወሰድኳት። 3.1። ሁለት ሰዓት እንኳን አልሞላም በመሀሉ። የትኛውን ልመን? ክኒኑን ልቀንስ ወይስ ልተው?

---

ሜሪላንድ ነኝ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ክኒኑን በራስሽ አትንኪው። ሁለቱንም ወረቀት ይዘሽ ዛሬውኑ ለሐኪሟ አሳይው። ድዷ ወይም አፍንጫዋ ከደማ፣ ሽንቷ ከቀላ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣባት ግን ወረቀት አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ውሰጃት።

የትኛው ልክ ነው ላልሽው፣ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። በሁለት ላብራቶሪ መሀል ትንሽ ልዩነት የተለመደ ነው። ከ3.1 እስከ 4.3 ግን ትንሽ አይደለም። አንዱ ጋ የሆነ ነገር አለ። ደም ሲቀዳላት አጠገቧ ነበርሽ? ቱቦው እስከ መስመሩ ሞልቶ ነበር?

---

የእማዬ ልጅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20

ነበርኩ። የመጀመሪያው ቦታ የደም ሥሯ ጠፋባቸው። ሦስተኛ ቦታ ወግተው ትንሽ ነው ያገኙት። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ ነበር። ግማሽ አልፎ ትንሽ ነው። ልጅቷም "ይበቃል" አለችን። ሁለተኛው ላብ አንድ ጊዜ ነው የወጓት፣ ሞላላቸው።

---

የቀድሞ ላብ ኃላፊ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሱኝ። ይህች ልጅ የጠየቀችው የክሩ ዋና ጉዳይ ነው።

ሰማያዊው ቱቦ ውስጥ ሶዲየም ሲትሬት አለ፣ 3.2 በመቶ የሆነ። ሥራው ካልሲየሙን ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ልኬቱ አንድ እጅ ሲትሬት ለዘጠኝ እጅ ደም ነው። የተለመደው ቱቦ 0.3 ሚሊሊትር ሲትሬት ይዞ 2.7 ሚሊሊትር ደም ይጠብቃል። 1.8 ብቻ ቢገባበት አንድ ለስድስት ሆነ። የተረፈው ሲትሬት ምርመራው ላይ የምንጨምረውን ካልሲየም ይበላዋል። ፕላዝማውም ይቀጥናል። ሰከንዱ ይረዝማል። ኤፒቲቲ (ሌላው የደም መርጋት ምርመራ) ላይ ቶሎ ይታያል፤ ፒቲ ትንሽ ይታገሳል። ግን ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ደም ላይ ፒቲውም አይታገስም። ከ90 በመቶ በታች የሞላ ቱቦ አይሠራም ተብሎ ይመለስ።

አሁን ዋናው። ኮንትሮል ከብልቃጥ ነው የሚወጣው። መርፌ አላየም፣ ቱርኒኬት አላየም፣ ከዋርድ ወደ ላብ አልተጓዘም፣ ሰማያዊ ቱቦ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ኮንትሮሉ ልክ ሲሆን ማሽኑ፣ ሪኤጀንቱና እጅሽ ልክ ናቸው ማለት ነው። ስለ ቱቦው አንዲት ቃል አልተናገረም። የዚህች ልጅ እናት ቁጥር ምናልባት ኮንትሮሉ ፍጹም ልክ በሆነበት ጠዋት የወጣ ነው።

ለደጋው ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በሥልጠና ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ቱቦው ደሙን የሚስበው ውስጡ ባለው ቫኪዩም ነው። ያ ቫኪዩም የሚለካው ባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ቱቦው የሚስበውም ይቀንሳል። ነርሷ ምንም ሳታጠፋ ቱቦው ራሱ ከመስመሩ በታች ይቆማል። ጊዜው ያለፈበት ቱቦ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ለከፍታ ቦታ ተብለው የሚመረቱ ቱቦዎች አሉ። ግዢ ሲጠየቅ ይጻፍ።

እና ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳቱ ድርሻ) ከ55 በመቶ በላይ የሆነ ታካሚ ሲመጣ ቱቦው ቢሞላም ልክ አይደለም፤ ፕላዝማው ትንሽ ስለሆነ ሲትሬቱ ይበዛል። ስሌቱ፦ ከ100 ላይ ሄማቶክሪቱን ቀንሱ፣ በደሙ ሚሊሊትር አባዙ፣ በ0.00185 አባዙ። ሄማቶክሪት 60 ከሆነና ደሙ 2.7 ከሆነ 0.2 ይመጣል። ከ0.3ው 0.1 ሚሊሊትር አውጥታችሁ ነው የምትቀዱት።

---

ሲስተር፣ የሕፃናት ዋርድ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እኔ ነርስ ነኝ። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ።

ዋርድ ላይ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ሕፃኑ ትንሽ ደም ብቻ ይሰጣል። ሰማያዊው ካልሞላ ከወይን ጠጁ ክዳን ቱቦ ትንሽ እንጨምርበታለን። ወይም ሁለት ግማሽ ሰማያዊ አንድ ላይ እንገለብጣለን። ላብ እንዳይመልሰው ብለን ነው። ሕፃኑን ደግመን ላለመውጋት ብለን ነው። ማንም "ይሄ ያበላሻል" ብሎን አያውቅም። "ናሙና ተመልሷል" የሚል ወረቀት ብቻ ነው የሚመጣው።

---

የደጋዋ ላብ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሲስተር፣ ስለነገርሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ወረቀት እየመለስን ዝም ያልነው እኛ ነን።

ወይን ጠጁ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ነው። እሱም ካልሲየም ይይዛል፣ ከሲትሬቱ በላይ። ጠብታው እንኳን ሰከንዱን ያረዝመዋል። ሁለት ግማሽ ሰማያዊ ከተገለበጠ ደግሞ ደሙ አንድ ሆኖ ሲትሬቱ ሁለት ይሆናል። ለሕፃናት 1.8 ሚሊሊትር የሚይዝ ትንሽ ሰማያዊ ቱቦ አለ። መጋዘናችን ውስጥ እንዳለ ዛሬ አረጋግጬ እነግርሻለሁ። በቢራቢሮ መርፌ ስትቀጂ ደግሞ መጀመሪያ አንድ የሚጣል ቱቦ ቅጂ፤ ቀጭኑ ጎማ ውስጥ ያለው አየር የመጀመሪያውን ቱቦ ያጎድለዋል። ሰማያዊው ሁልጊዜ ከወይን ጠጁ በፊት። ከዚያ ቀስ ብለሽ ሦስት አራት ጊዜ ገልብጪው፤ አትናጪው።

---

ጤና ጣቢያ ላብ | ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡10

አጭር ጥያቄ አለኝ። እኛ ናሙና በበረዶ ሳጥን ነው ወደ ሆስፒታል የምንልከው፣ ሰማያዊውንም ጨምሮ። ችግር አለው?

---

ሜሪላንድ ነኝ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡40

አለው። ሰማያዊውን በረዶ ውስጥ አታስገቡት። ቅዝቃዜ ሰባተኛውን ፋክተር (ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱን) ያነቃዋል፤ ፒቲ በውሸት ያጥራል። ስምንተኛው ፋክተር ደግሞ ይቀንሳል። በክፍል ሙቀት ላኩት። ፒቲ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ኤፒቲቲ 4 ሰዓት። ሄፓሪን (በመርፌ የሚሰጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊውጅ መደረግ አለበት። የማይደርስ ከሆነ ታካሚው ራሱ ይሂድ።

ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስም ቱቦውን በሁለት ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይዳስሱት። ትንሽ የረጋ ነገር ካለች ፋክተሮቹን በልታ ጨርሳለች፤ ናሙናው አይሠራም።

---

የደጋዋ ላብ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ተገኘ።

ዓርብ ከሥራ በኋላ የሆስፒታላችን ባዮሜዲካል ባለሙያ ቴርሞሜትሩን ይዞ መጣ። ስክሪኑ 37.0 ይላል። ኩቬቱ ውስጥ ያለው ውሃ 35.7። አራቱንም ቻናል ለካን፤ ወደ መስኮቱ ያለው 35.4 ሆነ። እዚያ ላይ ነው ሁላችንም ቀና ብለን መስኮቱን ያየነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ማሽኑ ከግድግዳው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ማንም አልመለሰውም። አንደኛው መስታወት ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው። የጥቅምት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በየሌሊቱ እየበረታ ነበር። የማሞቂያው ብሎክ አርጅቷል፣ ብርዱን መቋቋም አቃተው። ቀኖቹ እየበረዱ ሲሄዱ ኮንትሮላችን አብሮ ይወጣ ነበር። የቅዳሜ ሌሊቱ 32.3ም በጣም የበረደው ሌሊት ነው።

ማሽኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብሎኩ ተስተካከለ። ፒፔቱም ተመዘነ፤ 100 ላይ 97 ነበር የሚያወጣው፣ ቀለበቱ ተቀየረ። ትናንት አብኖርማሉ 28.3፣ ዛሬ ጠዋት 27.8፣ ዛሬ ማታ 28.1። ኖርማሉ 12.0 እና 12.2።

ከዚያ ከባዱ ሥራ መጣ። ሕጉ ከተጣሰበት ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ የወጡትን ውጤቶች አወጣን። አሥራ ዘጠኝ የዋርፋሪን ታካሚዎች ናቸው። ስልክ ደወልን። አሥራ ስድስቱ መጡ፤ በነፃ ደግመን ሠራን። አራቱ ክኒን ተቀንሶላቸው ነበር፤ ሐኪሙ ወደነበረበት መለሰላቸው። ሦስቱን እስካሁን አላገኘናቸውም፤ የአንዷ ስልክ አይሠራም፣ በቀበሌ በኩል እየፈለግናት ነው።

ሃያ ሰማያዊ ቱቦዎችም ከዋርድ እንደመጡ በማስመሪያ ለካሁ። አሥራ ሦስቱ ከመስመሩ በታች ናቸው። ጋሼ፣ የከፍታ ቱቦውን ለግዢ ጽፌያለሁ።

---

ሌሊት ተረኛ | እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡55

እህቴ፣ ከዚህ በላይ የጻፍኩት አለ፤ አላጠፋውም። ግን አንድ ነገር ልበል። እኛም ጋ ማሽኑ መስኮት ሥር ነው። ዛሬ ሌሊት ቴርሞሜትር ይዤ ነው የገባሁት። አሁን አሥር ደቂቃውን እየጠበቅኩ ነው።

---

የእማዬ ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሐኪሟ በሙሉ ቱቦ ደግሞ አሠራት። 3.0 ሆነ። ክኒኑ አልተነካም። ቱቦው እስኪሞላ አጠገቧ ቆሜ መስመሩን አየሁት። ልጅቷ "ላብ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

---

ሌሊት ተረኛ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

36.1። ለጠዋቱ ኃላፊ በጽሑፍ አስረክቤያለሁ፣ የሌሊቱን ሦስት ኮንትሮል ውጤቶች በሙሉ አያይዤ።